ስለ ውሻ ንክሻና ስለ ትንንሽ ልጆች

ውሻ ለገበሬ ቤት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባቢዬ ልንገር ብል ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆንብኛል። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይጠጋ፣ ቀን ዝንጀሮ ማሳውን እንዳያጠፋ፣ በመኸር ጊዜም በአውድማ ላይ የተከመረውን እህል ሌባ እንዳይደፍረው የሚጠብቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ውሻን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። በዚህ መጽሔት ዘወትር የሚነበበው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ከብት አያያዝ ነውና አንድ የእርሻ ባለሙያ ስለ ሕፃናት ቁስል ለምን ይጽፋል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ውሻው የእርሻው ሠራተኛ ነው፤ ልጁም የሚያድገው በዚያው በእርሻው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ የሚጋጩትም ብዙውን ጊዜ እኛ ትልልቆቹ በሥራ ተይዘን ሳለን ነው።

የሚነክሰው የትኛው ውሻ ነው?

ስለ ውሻ ንክሻ ሲነገር የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ለሃጩን እያዝረከረከ ከመንደር መንደር ወደሚሮጠው እብድ ውሻ ነው። እርግጥ እንዲህ ያለው ውሻ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ይሁን እንጂ በትንንሽ ልጆች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በልዩ ልዩ አገር ያጠኑ ሐኪሞች ደጋግመው ያገኙት ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑን የሚነክሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ የሚያውቀው ውሻ፣ የራሱ ቤት ወይም የጎረቤት ውሻ መሆኑ ነው። ቦታውም መንገድ ሳይሆን ግቢ ነው። ሰዓቱም ውሻው ሲበላ ወይም ሲተኛ፣ ውሻዪቱ ቡችሎቿን ስታጠባ፣ ወይም ሕፃኑ ውሻውን ሲያቅፈውና ጆሮውን ሲጎትተው ነው።

ትልቅ ሰው ሲነከስ ብዙ ጊዜ የሚቆስለው እግሩ ወይም እጁ ነው። የሕፃን ግን ፊቱ፣ ራሱና አንገቱ ነው። ምክንያቱም የሦስት ዓመት ልጅ ቆሞ ሳለ ፊቱ ከአንድ ደህና ውሻ አፍ ጋር እኩል ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያቅፈውማ ፊቱን ራሱ ያቀርብለታል። ውሻው ሲያጉረመርም «ሂድልኝ» ማለቱ እንደ ሆነም ሕፃን አያውቅም። ከዚህም ሌላ የጨቅላ ልጅ የራስ ቅል ገና ስላልጠና የትልቅ ውሻ ክራንቻ ዘልቆ ሊበሳው ይችላል፤ ከላይ ሲያዩት ግን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትታያለች። ስለዚህ በሕፃን ራስና አንገት ላይ ያረፈ ጥርስ፣ ደሙ ቢቆም እንኳ፣ ሐኪም ሳያየው ሊታለፍ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ባላገሩ ልክፍት የሚለው ነው። ይህ በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. ክረምት እንኳ በብዙ የአገሪቱ ክፍል በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደ ነበረ ተጽፏል። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ሲሆን በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በንክሻ ወይም በጭረት ከገባ በኋላ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ከዚያ የሚያጥርበት ወይም የሚረዝምበት ጊዜም አለ። ንክሻው በፊትና በራስ ላይ ሲሆን መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ቶሎ ይደርሳል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በያመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። በሽታው ካለበት እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ውስጥም ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ቫይረሱ በመንገድ ላይ የሚቆይበት ይህ ጊዜ ለእኛ የተሰጠ ዕድል ነው። በመጀመሪያው ሰዓት በሳሙና ካጠብነው፣ ቀጥሎም ክትባቱን ካስቀደምንበት ልጁ ይድናል።

በአውድማ ላይ የደረሰ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር በአንድ የደጋ ቀበሌ የስንዴ ምርት ልመዝን ሄጄ ነበር። ቤተ ሰቡ በሙሉ ከአውድማው ላይ ነበር። አባ ወራው በበሬዎቹ ያበራያል፤ ባለቤቱ ገለባውን ታነሣለች፤ የስምንት ዓመት ልጃቸው አራት ዓመት የሆናትን እኅቱን እንዲጠብቅ ታዟል። ውሻው ከክምሩ ሥር በገመድ ታስሮ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የምሳው ትርፍራፊ በገል ተደርጎ ተሰጠው። ሕፃኒቱም ቂጣዋን እንደ ያዘች ሄዳ ከአጠገቡ ቁጭ አለች። ጩኸቱን ሰምተን ዞር ስንል ጉንጯና ከጆሮዋ ሥር ያለው ሥጋ ተተልትሎ ደሟ ይወርድ ነበር።

አባቷ ዱላ አንሥቶ ወደ ውሻው ተንደረደረ። አያቷ ደግሞ «ቡና አምጡ! የተወቀጠ ቡና አምጡ!» እያሉ መጡ።

«እማማ፣ ቡናው ይቆየን። መጀመሪያ ውሃና ሳሙና ይምጣልን» አልኋቸው።

«አዬ ልጄ፣ ቁስል ውሃ ከነካው ያመረቅዝ የለም ወይ?» አሉኝ።

ውሃ በጀሪካን ነበር፤ ሳሙና ግን በአውድማ ላይ ማን ይይዛል? ወንድምየው ሮጦ ከቤት የልብስ ሳሙና አመጣ። እናቷ ይዛት እኔ ውሃውን እያፈሰስሁ በሳሙና አጠብናት። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ልጅቱ እሪ ስትል እናቷ «ይብቃዎት፣ ልትሞትብኝ ነው» አለችኝ። ሩብ ሰዓት በሚያለቅስ ሕፃን ላይ ምን ያህል እንደሚረዝም ያየሁት ያን ቀን ነው። ሆኖም ሞላን።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ወራው «ጌታዬ፣ ውሻው የራሴ ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ነው። ምግቡን ነክታበት ነው እንጂ ምን እብደት አለበት?» አለኝ። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ እኔም በልቤ ከእርሱ ጋር ነበርሁ ብል አልዋሽም። ነገር ግን ክትባት የተሰጠው ውሻ እንዳልነበረ ስጠይቀው አመነ። ልጅቱን በበቅሎ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደና በዚያው ምሽት የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። ውሻውም ሳይገደል በሰንሰለት ታስሮ እንዲቆይ ተስማማን።

በአምስተኛው ቀን ውሻው ምግብ ተወ። በስድስተኛው ቀን የታሰረበትን እንጨት ማኘክ ጀመረ፤ ድምፁ ሰለለ፤ መንጋጋው ተንጠለጠለ። በስምንተኛው ቀን ሞተ።

በዚያው ማታ እናትየው ልጇ አንድ እጁን ከጋቢው ውስጥ እንደማያወጣ አስተዋለች። ገልጣ ብታየው በአንጓው ላይ የጥርስ ጭረት ነበረበት። ውሻውን ከእኅቱ ላይ ለማላቀቅ ገመዱን ሲጎትት የደረሰበት ነው። እኅትህን ጠብቅ ተብሎ ስለ ነበር ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ዱላ ፈርቶ ዝም ብሏል። በማግስቱ ዘጠነኛው ቀን ሲሆን ወስደው አስጀመሩት። ሁለቱም የታዘዘላቸውን ሁሉ ጨረሱ፤ ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጠባሳው በጉንጯ ላይ አለ።

ያን ቀን ያን ልጅ ሳሙና አስመጥቼዋለሁ፣ ከአጠገቤ አቁሜ ውሃ አስይዤዋለሁ፤ እጁን ግን አላየሁም። ስለዚህ አንድ ሕፃን ሲነከስ በግቢው የነበሩትን ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን ገልጦ ማየትና ሳይቆጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዱላ የሚፈራ ልጅ ንክሻውን ይደብቃል።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

ሳሙና ያን ያህል የሚረዳበት ምክንያት አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ላዩ በስብ መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። የቅባት ድስት በውሃ ብቻ ሲያጥቡት አልለቅ እንደሚል፣ ሳሙና ሲነካው ግን ቅባቱ እንደሚፈታ እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። የቫይረሱም ልብስ እንደዚሁ በሳሙና ይፈታል፤ ልብሱ የተገፈፈ ቫይረስም ይሞታል። የልብስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና ቢሆን ልዩነት የለውም። ዋናው ነገር ውሃው ከላይ እየፈሰሰ 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠቡ ነው። ቀዳዳ ቁስል ከሆነ ከንፈሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይገባል፤ በጨርቅ አጥብቆ መፈተግ ግን ሥጋውን ይጎዳል። ደሙ በብዛት የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማስቆም ይቀድማል። ምራቁ በዓይን ወይም በአፍ ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ወይም የሕክምና አልኮል ቢገኝ ይቀባል፤ ባይገኝ ሳሙናው ዋናውን ሥራ ሠርቷል።

ቡና፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ አመድ፣ የውሻው ፀጉር ተቃጥሎ የሚነሰነሰው፣ እነዚህ ሁሉ ቆሻሻውን በቁስሉ ውስጥ ዘግተው ያስቀሩታል እንጂ አያወጡትም። ቁስሉን በችኮላ መስፋትም አይገባም፤ ፊት ሲሆን መስፋት የግድ ቢሆን እንኳ መቼና እንዴት እንደሚሰፋ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን በቂ ነው።

ስለ ጠበል ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። ክትባት ጠበልን አይከለክልም፤ ጠበልም ክትባትን አይከለክልም። መለመን የምፈልገው መርፌው እንዲቀድም ብቻ ነው። ስለ ሥር መድኃኒት ግን ዝም ማለት አልችልም። አንዳንዱ ሥር ብርቱ ስለ ሆነ ትንሽ ልጅን በትውከትና በተቅማጥ ሊገድል ይችላል። «እገሌ ያን ሥር ጠጥቶ ድኗል» የሚባለውን እሰማለሁ። ነገር ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰውም ሁሉ አይለከፍም። ማዳበሪያ የተጨመረበትን መደብ ብቻ አይቶ ማዳበሪያው አፈራ ማለት እንደማይቻል፣ ያልተጨመረበትም መደብ ከጎኑ መኖር እንዳለበት በሠርቶ ማሳያ ላይ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል! የሥር መድኃኒቱ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሳይጠጡ ደህና የቀሩትን ማንም አልቆጠራቸውም፤ ጠጥተው የሞቱትን ደግሞ ማንም አያወራላቸውም።

ስለ ክትባቱ

ይህን ክትባት ከተነከሱ በኋላ መስጠት የተጀመረው በ1877 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ክፉኛ ተነክሶ ቢያመጡለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ 13 ጊዜ አስወግቶት ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ ብዙ ተሻሽሏል። በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሠራበት ዓይነት በሆድ ላይ በየቀኑ ለብዙ ቀን የሚወጋ ስለ ነበር ስሙ ብቻ ያስፈራ ነበር፤ ብዙ ወላጅም ሳያስጨርስ ቀርቷል። አዲሱ ዓይነት በመርፌው ቁጥር ጥቂት ሲሆን የሚወጋውም በክንድ፣ ለትንሽ ልጅ ደግሞ በጭን ላይ ነው። ለጨቅላ ሕፃንም ሆነ ለነፍሰ ጡር አይከለከልም።

የቀኑ ቁጥር እንደ ክትባቱ ዓይነት ስለሚለያይ የጤና ባለሙያው በካርድ ላይ የጻፈውን መከተል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሥርዓት ግን የመጀመሪያው ከተወጋ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን፣ አንዳንዱም በ28ኛው ቀን የሚደገም ነው። ካርዱን ማንበብ ለማይችል ቤት እንዲህ ብሎ መያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው በሚካኤል ቀን ቢወጋ ሁለተኛው በቂርቆስ፣ ሦስተኛው በገብርኤል፣ አራተኛው በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ ይውላል። ወይም በዕለት መያዝ ነው፤ የ7ኛው፣ የ14ኛውና የ28ኛው ቀን ሁሉ የመጀመሪያው መርፌ በተወጋበት ዕለት ላይ ይውላሉ፤ ማክሰኞ ቢጀመር ማክሰኞ፣ ዓርብ ቢጀመር ዓርብ ማለት ነው። ሁለተኛው ብቻ ከዚህ ይለያል፤ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ደም የወጣበት ንክሻ፣ ይልቁንም በፊትና በራስ ላይ ሲሆን፣ ከክትባቱ ሌላ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ክትባቱ ሰውነቱን አስተምሮ እስኪያነሣሣ ድረስ ቀን ስለሚፈጅ ይህ መድኃኒት በዚያ መካከል ይጠብቀዋል። በሁሉም ቦታ አይገኝምና ባለሙያው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሂዱ ቢል ማጉላላት አይምሰልዎ። እንዲያውም ክትባቱ ራሱ በየጤና ኬላው ስለማይቀመጥ፣ በአካባቢዎ የት እንደሚገኝ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዛሬውኑ፣ ማንም ሳይነከስ፣ ጠይቆ ማወቅ ይሻላል። ልጅ ተሸክሞ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው መንከራተት ቀን ይበላል።

«ቀኑ አልፏል» ብሎ መቅረትም ስሕተት ነው። ያ ወንድምየው ልጅ በዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ድኗል። ሳምንትም ሆነ ወር ቢያልፍ፣ ምልክቱ እስካልታየ ድረስ፣ መሄድ ይገባል።

መንጋጋ ቆልፍንም መርሳት አይገባም፤ የውሻ ጥርስ ከአፈርና ከፋንድያ ጋር የነካውን ቁስል ይዞ ሊገባ ስለሚችል የልጁን የክትባት ካርድ ይዞ መሄድ ለባለሙያው ይረዳል። ደግሞም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢመግል ወይም ልጁ ቢያተኩሰው፣ ይህ በውሻ አፍ ውስጥ ያለ የሌላ ተሕዋስ ሥራ ስለ ሆነ ቶሎ ተመልሶ መድኃኒት መቀበል ነው።

ስለ ነከሰው ውሻ

ልጁን የነከሰ ውሻ ወዲያው ሲገደል ንዴት ይበርዳል፤ ነገር ግን ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ውሻው በምራቁ በሽታውን ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ብዙ ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰ ውሻ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። በሰንሰለት አስሮ፣ ምግብና ውሃ በእንጨት እየገፉ እየሰጡ፣ ልጆችን አርቆ በየቀኑ መመልከት ነው። የልጁ ክትባት ግን 10 ቀን አይጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ በኋላ ይቁም ወይም ይቀጥል የሚለውን ባለሙያው ይወስናል።

ምልክቱ ሁልጊዜ መሮጥና መናከስ አይደለም። አንዳንዱ ውሻ ጠባዩ ብቻ ይለወጣል፤ ገራም የነበረው ይቆጣል፣ ቁጡ የነበረው ይለሰልሳል፤ በጨለማ ቦታ ይሸሸጋል፤ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፤ ድምፁ ይሰልላል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ በመጨረሻም የኋላ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። «ውሃ ከጠጣ እብድ አይደለም» የሚባለው ፈተና ከንቱ ነው። ውሃ መፍራት የታመመ ሰው ምልክት እንጂ የውሻ አይደለም።

ውሻው ቢሞት ወይም መግደል የግድ ቢሆን ራሱን በድንጋይ መጨፍለቅ አይገባም፤ በላቦራቶሪ የሚመረመረው አንጎሉ ነውና። ለከብት ሐኪሙ ወዲያው መናገር፣ በድኑንም በባዶ እጅ አለመንካት፣ የሚመረምረው ከሌለም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ገደል የተጣለ እንደ ሆነ ሌላ ውሻ ይበላዋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። እብድ ውሻ በመንደር ካለፈ በኋላ ላም ወይም በሬ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተውና እየደጋገመ ቢያገሣ ብዙ ገበሬ ጉሮሮው ላይ አንዳች ነገር ተሰክቷል ብሎ እጁን ወደ አፉ ያስገባል። ይህ ራሱ ልክፍቱ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያየው እጅ ማስገባት አደገኛ ነው።

በግቢ ውስጥ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከውሻ ጋር ብቻውን አለመተው፣ ውሻው የቱንም ያህል ገራም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። የስምንት ዓመት ልጅም ጠባቂ አይባልም፤ እርሱ ራሱ ጠባቂ ይሻል። በአጨዳና በመውቂያ ጊዜ ሁላችንም አውድማ ላይ ስለምንሆን ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ልጆቹን በአንድ ቤት በየተራ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው መመደብ ይቻላል። ለአጨዳ ደቦ የምንጠራራ ሰዎች ለዚህ መጠራራት አያቅተንም።

ውሻው የሚበላበት ቦታ ልጆች የማይደርሱበት፣ ከአጥሩ ጥግ መሆን አለበት። በተለይ በፋሲካ ሰሞን ልብ ይበሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከጾመኛ ቤት አጥንት ያላየ ውሻ በድንገት ሥጋ በሥጋ ይሆናል፤ ልጆቹም ሥጋ በእጃቸው ይዘው በግቢው ይሮጣሉ። የዚያን ዕለት ውሻውን አስቀድሞ ማብላትና እርዱ እስኪያልቅ ማሰር ብዙ ጥፋት ያስቀራል።

የታሰረ ውሻ አይነክስም ብሎ መተማመን ግን አይገባም። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ሲፈራ ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ 2 ሜትር ቢሆን ውሻው ሲዘረጋ በአካሉ ርዝመት ተጨማሪ 1 ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ችካሉን መካከል አድርጎ በ4 ሜትር ርቀት ዙሪያውን በእሾህ ወይም በጭራሮ ማጠር ነው፤ ለችግኝ መደብ አጥር የምናውቅበት እጅ ለዚህም ይበቃል። በር፣ የውሃ መንገድና የእህል ማስጫ በዚያ ክብ ውስጥ መዋል የለባቸውም። የወለደች ውሻም ከቤቱ ኋላ ለብቻዋ ከለል ያለ ቦታ ልታገኝ ይገባል፤ ልጆች ቡችሎቹን ለማየት መጓጓታቸው አይቀርምና ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ ይዩ።

አንዳንድ ሰው ቡችላውን ኃይለኛ ይሆናል ብሎ ያስርበዋል፣ ይደበድበዋል፣ ጆሮውን ይቆርጠዋል። እንዲህ ያደገ ውሻ ጅቡንና ሕፃኑን አይለይም። የሚበላ፣ ቀን በተወሰነ ሰዓት የሚፈታና ቤተ ሰቡን የለመደ ውሻ ሌሊቱን ይበልጥ ይጠብቃል፤ ውሻ በበላበት ይጮሃል የተባለው በከንቱ አይደለም።

ልጆችንም ማስተማር ይቻላል። ውሻ ሲበላና ሲተኛ አለመጠጋትን፣ ከማያውቁት ውሻ ፊት አለመሮጥን፣ ውሻ ቢመጣባቸው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እጃቸውን ሰብስበው መቆምን፣ ከጣላቸውም ጉልበታቸውን አጥፈው አንገታቸውንና ጆሮአቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ድንጋይ መጠቅለልን በጨዋታ መልክ ማለማመድ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ይህን አንድ ጊዜ መንገር አይበቃም፤ ሲነግሩትም አዎን ብሎ ወዲያው ይረሳል። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ይበልጥ መተማመን ይሻላል።

የመጨረሻው የውሻው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ከ100 ውሾች 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። አንድ ገበሬ ብቻውን ውሻውን ቢያስከትብ ለቤቱ ይጠቅማል፤ መንደሩ በሙሉ ሲያስከትብ ግን በመንገድ ለሚያልፈው ውሻ እንኳ በሽታው የሚቀጣጠልበት ነገር ያጣል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጠየቅ፣ በዚያም ቀን ውሻውን በጠንካራ ገመድ አስሮ ትልቅ ሰው ይዞት መምጣት ያስፈልጋል። በክትባት ቦታ ብዙ ውሻ በአንድነት ስለሚሰበሰብና ስለሚጣላ ውሻውን በልጅ እጅ መላክ አይገባም። የውሻው የክትባት ወረቀት ሲሰጥዎ ከልጆቹ የጤና ካርድ ጋር በአንድ ከረጢት ያኑሩት፤ ሐኪሙ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቅዎታልና።